አንድነት ፓርክ፦ በቤተ መንግሥቱ ግቢ አዲሱን መንግሥት መመዘን

ከአራት ኪሎ ወደ ሒልተን ቁልቁል ሲወረድ ያለው የቤተ መንግሥት አጥር ለእኔ ትውልድ በየዕለቱ የሚታይ፣ ነገር ግን ማንም አተኩሮ የማያየው ነገር ነበር። እናቴ በደርግ ዘመን ተማሪ ሳለች በዚያ አጥር ሥር ስታልፍ እርምጃዋን ታፋጥን፣ ቀና ብላ እንዳታይም ትጠነቀቅ እንደነበር ደጋግማ አጫውታኛለች። እኔም አድጌ በዚያ መንገድ ስመላለስ መኪና ማቆም ቀርቶ ፍጥነት መቀነስ እንኳ የዘበኛ ዓይን እንደሚስብ አውቅ ነበር። ስለዚህ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የዚያ ግቢ አንዱ ክፍል «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ለሕዝብ መከፈቱን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እናቴን ይዤ መግባትን ነው። ሐሳቤ የተሳካው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍም ከዚያ ጉብኝት በኋላ በዚያው ሰሞን የተጻፈ ነው።

ጽሑፉ የአንድ መናፈሻ ግምገማ ነው። ሆኖም መናፈሻው በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የሚመራው መንግሥት መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ «የእኔ ሥራ ይህን ይመስላል» ብሎ ያቀረበው በመሆኑ፣ ግቢውን መገምገም መንግሥቱን ከመገምገም ሊነጠልልኝ አልቻለም። የምረቃው ማግስት፣ መስከረም 30 ቀን፣ የኖርዌይ የኖቤል ኮሚቴ የዓመቱን የሰላም ሽልማት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ መስጠቱን ማስታወቁም ሁለቱን ነገሮች በሕዝብ ልብ ውስጥ አንድ ላይ አስሯቸዋል።

ከመግቢያው ልጀምር። በዚያን ጊዜ መደበኛው ትኬት ለአገር ውስጥ ጎብኚ 200 ብር ሲሆን፣ ልዩ መስተንግዶ ለሚፈልግ 1,000 ብር ነበር። ክፍያው የሚፈጸመው አስቀድሞ በባንክ ነበር፤ እኔ የሄድኩበት አንድ የባንክ ቅርንጫፍ «ሲስተም የለም» ብሎ ከግማሽ ቀን በላይ ስላቆየኝ፣ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ክፍያውን ከጉብኝቱ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቢጨርስ ይሻለዋል። በር ላይ ያለው ፍተሻ ጥብቅ ነው። ግቢው ዛሬም የአገሪቱ መሪ የሚሠራበት ቦታ በመሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ፈታሾቹም እናቴን «እማማ፣ ቀስ ብለው» እያሉ በአክብሮት ነው ያሳለፏት። በዚያ በር ላይ «እማማ» የሚል ቃል መስማቷ ራሱ ቀኑን ሙሉ ሲያስገርማት ዋለ።

ስለ ዋጋው ያለኝን አቋም አሁኑኑ ልናገር። የዚያን ጊዜው 200 ብር ለጥገናው ጥራት ሲታይ አይበዛም ነበር፤ ለጎብኚው ኪስ ሲታይ ግን ይበዛ ነበር። ባልና ሚስት ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ቢመጡና ሁሉም በመደበኛው ዋጋ ቢገቡ 1,000 ብር ይከፍሉ ነበር፤ ታክሲውና ምሳው ገና ሳይነሣ። ቤተ መንግሥቱን ለሕዝብ ከፈትኩ የሚል መንግሥት «ሕዝብ» የሚለው ቃል የቀን ሠራተኛውንና የጉሊት ነጋዴዋንም እንደሚጨምር በትኬቱ ላይ ማሳየት ነበረበት። በወር አንድ ቀን በነፃ ወይም በጥቂት ብር የሚገባበት ሥርዓት ቢዘረጋ የመግቢያው ገቢ ብዙም አይጎዳም፤ የተገባው ቃል ግን ይሞላል።

ወደ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ጽዳቱና የአትክልቱ አያያዝ ነው። አገር በቀል ዕፅዋት የተተከሉባቸው መደቦች፣ የተነጠፉት የድንጋይ መንገዶች፣ በየጥጉ የተዘጋጁት መቀመጫዎች በእኛ አገር የመንግሥት ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የማናየውን ጥንቃቄ ያሳያሉ። በአገራችን የተመረቀ ነገር ሁሉ በዓመቱ ሲፈርስ ስላየን፣ እኔ አጨራረሱን ለማየት ጎንበስ ብዬ የድንጋዩን መጋጠሚያ በጣቴ ዳስሼዋለሁ፤ በደንብ የተሠራ ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ሲታደሱም መልካቸውን እንዲይዙ ተደክሟል። የዐፄ ምኒልክ መኖሪያና ጸሎት ቤት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን በመነጽር ይቃኙበት ነበር የሚባልለት እንቁላል ቤት የተሰኘው ግንብ፣ የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ቤት፣ ሁሉም ከአቧራና ከመፍረስ ድነው ቆመዋል። ለዘመናት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግምጃ ቤት መስለው የኖሩ ቅርሶች መሆናቸውን ለሚያውቅ ይህ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

የጉብኝቱ ልብ ግን ዙፋን ቤቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል በዙፋናቸው ላይ እንደተቀመጡ ሆኖ ተሠርቷል። እናቴ በሩ ላይ እንደ ደረሰች ነጠላዋን አስተካከለችና ትንሽ ጎንበስ አለች፤ ምስል መሆኑን እያወቀች ነው። ከዚያ ከዙፋኑ ሥር ስላለው ምድር ቤት ሲነገረን ፊቷ ተለወጠ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ያሰራቸውን የንጉሡን ሚኒስትሮች፣ መኳንንትና ጄኔራሎች ያጎራቸው እዚያ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ሰዎች ያለ ፍርድ ሲገደሉ ብዙዎቹ ከዚያ ጨለማ የወጡ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙ ነበር። ንጉሡም በዓመቱ በዚሁ ግቢ ሞተው፣ አፅማቸው ተቆፍሮ የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ዙፋኑንና እስር ቤቱን በአንድ ጣራ ሥር ማሳየት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ከዚህ በፊት የመጡት መንግሥታት የቀደመውን አውግዘው የራሳቸውን ብቻ ያሳዩን ነበር። አሁን ያለው መንግሥት ሁለቱንም ለአንድ ጎብኚ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሳያል። ይህ መንግሥቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወሰዳቸው እርምጃዎች ጋር የሚስማማ ነው። የፖለቲካ እስረኞች የተፈቱት፣ በሽብርተኝነት ተፈርጀው በስደት የነበሩ ድርጅቶች የተመለሱት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ምክር ቤት ቀርበው መንግሥት በእስረኞች ላይ ግፍ መፈጸሙን በይፋ ያመኑት በዚሁ መንፈስ ነው። ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ ቦታ ተዘግቶ፣ በጳጉሜን 2011 ዓ.ም. ለጥቂት ቀናት ለሕዝብ እይታ መከፈቱም እንዲሁ። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ በዕንባ ተቀብለናል፤ እኔ ያን ዕንባዬን ዛሬም አላፍርበትም፣ አልክደውምም።

ነገር ግን ከዚያ ምድር ቤት ስወጣ አንድ ጥያቄ ተከተለኝ። የስልሳዎቹን ግድያ ማሳየት የተቻለው ገዳዮቹ ሥልጣን ላይ ስለሌሉ ነው። በቅርቡ ስለፈሰሰው ደም ግን እውነቱን የሚያወጣ ተቋም ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው 41 አባላት ያሉት የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ያኔ ነበረ፤ ያንኑ ያህል አባላት ያሉት የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ተቋቁሞ ነበር። የመናፈሻው ድንጋይ ተነጥፎ በተመረቀበት ጊዜ ውስጥ ከሁለቱ ኮሚሽኖች አንዱ እንኳ ሕዝብ እጁ ላይ የሚይዘው ነገር አላስረከበም። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በግቢው ስዞር ቀስ በቀስ ገባኝ። ቤተ መንግሥትን ለመክፈት የአንድ ሰው ቆራጥ ትእዛዝ ይበቃል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በየቀኑ ግቢው ውስጥ እየተዘዋወሩ ሥራውን ሊያፋጥኑት ይችላሉ። እርቅ፣ ፍርድ፣ ምርጫ፣ የክልሎች ወሰን የመሳሰሉት ግን ብዙ ባለቤት ያላቸው፣ ክርክርና ሕግ የሚጠይቁ፣ ማንም ብቻውን ሊያስመርቃቸው የማይችል ነገሮች ናቸው። አዲሱ መንግሥት በመጀመሪያው ዓይነት ሥራ እስካሁን ካየናቸው ሁሉ የላቀ ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ግን ገና ተማሪ ነው።

ግብር አዳራሹን በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። ዐፄ ምኒልክ ሠራዊቱንና እንግዳውን በየተራ እያስገቡ ያበሉበት የነበረው ሰፊ አዳራሽ የዚያ ዘመን አስተዳደር ዋና መሣሪያ ነበር፤ መንግሥት ለሕዝብ ቅርብ መሆኑን የሚያሳየው በሥጋና በጠጅ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ መንግሥት «ገበታ ለሸገር» የተባለው ራት በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ሲካሄድ አሮጌው ልማድ መልኩን ቀይሮ ተመለሰ። በዚህኛው ግብር የሚያበላው መሪ ሲሆን፣ የሚያዋጣው ደግሞ ባለሀብቱ ነው፤ ገንዘቡም 56 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላለው፣ 29 ቢሊዮን ብር ለተገመተለት የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት የሚውል ነበር። የከተማችንን ወንዞች ሽታ የምናውቅ ሰዎች ይህን ዓላማ አንቃወምም፤ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ሥጋቴ ሌላ ነው። በጥሪና በመዋጮ የሚሰበሰብ ገንዘብ በምክር ቤት ጸድቆ፣ በኦዲተር ተመርምሮ፣ በጋዜጣ ተዘርዝሮ ከሚወጣ በጀት ጋር አንድ አይደለም። ከባለሀብት ጋር በአንድ ማዕድ የተቀመጠ መንግሥት ነገ ያንኑ ባለሀብት ግብር ክፈል፣ ሕግ አክብር ሲለው ቃሉ እንዳይከብደው ያሠጋኛል።

የኢኮኖሚውን አቅጣጫ በተመለከተ በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ «አገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ» ያለውን እቅድ ይፋ አድርጓል፤ ታኅሣሥ 10 ቀንም የዓለም የገንዘብ ድርጅት 2.9 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር አጽድቆለታል። ቴሌኮሙን ለውድድር የመክፈት ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ አቅራቢ ብቻ ባለበት ገበያ ደንበኛ ልመና እንጂ ምርጫ የለውም። የብር ምንዛሬ ሲላላ የሽንኩርቱና የዘይቱ ዋጋ ምን እንደሚሆን ግን ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እንደ እናቴ ያሉ በየሳምንቱ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ ማሻሻያውም የሚመዘነው በእነርሱ ዘንቢል ነው።

ብዙ ጊዜ የቆየነው በክልሎች እልፍኞች ዘንድ ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ዘጠኙ ክልሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ባህል የሚያሳይ ቤት በግቢው ውስጥ ተሠርቶላቸዋል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ከጋምቤላ የመጣ ወጣት በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ የሚጠቁመው ነገር ማግኘቱ፣ የሐረርና የአፋር ቤት ጎን ለጎን መታየቱ፣ አንድነት ማለት መመሳሰል አይደለም የሚለውን ነገር ከንግግር በተሻለ ያስረዳል። ልጆች ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሮጡ ወላጆቻቸው የየክልሉን ስም ያስጠኗቸው ነበር። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የምትመስል ሕፃን ዘጠኙንም ቆጥራ ስትጨርስ አባቷ አጨበጨበላት።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው። አስጎብኚውን ጠራችና «ልጄ፣ የሲዳማስ ቤት የት ሊሆን ነው?» ስትል ጠየቀችው። ኅዳር 10 ቀን በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከድምፅ ሰጪው 98.5 በመቶ የሚሆነው ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን መወሰኑን በራዲዮ ሰምታለች። ወጣቱ ፈገግ ብሎ «ቦታ አይጠፋም፣ እማማ» አላት። መልሱ ትሕትና ያለበት ነበር፤ እኔም የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

የእናቴ ጥያቄ የአገሪቱ ጥያቄ ነው። መናፈሻው በተመረቀ በአርባ ሁለተኛው ቀን የእልፍኞቹ ቁጥር ከአገሪቱ ጉዞ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሕዝበ ውሳኔው ራሱ በሰላም መጠናቀቁ ለመንግሥትና ያኔ በብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ ለነበረው የምርጫ ቦርድ የሚያስመሰግን ነው፤ ቀደም ሲል በሐምሌ ወር በሲዳማ የጠፋውን ሕይወት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያን ጊዜው የደቡብ ክልል የወላይታና የሌሎችም ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተሰልፈው እየጠበቁ ነበር። የክልልነት ጥያቄ ሁሉ እንዲፈቀድ ወይም ሁሉ እንዲከለከል አልሟገትም፤ የምለው ጠያቂው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው አንድ ወጥ መንገድ ሊኖር ይገባል ነው። መንገዱ ካልታወቀ አደባባይ የወጣ ያገኛል፣ ዝም ያለ ይቀራል የሚል ትምህርት ይሰጣል።

የመንግሥቱ የፖለቲካ ዕጣ በእኔ ግምት ያኔ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሦስቱም እኩል ክብደት ያላቸው አልነበሩም። ቀላሉ የፓርቲው ውህደት ነው። ኅዳር 21 ቀን ስምንት ፓርቲዎች ብልጽግና ፓርቲን ለመመሥረት ፈርመዋል፤ ከዚህ በፊት «አጋር» ተብለው ከውሳኔ ውጭ የኖሩት የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ ፓርቲዎች በአገሪቱ ጉዳይ እኩል ድምፅ ማግኘታቸው ከሃያ ዓመት በላይ የዘገየ ፍትሕ ነው። ከበድ የሚለው ሕወሓት ከውህደቱ መቅረቱ ነው። ኢሕአዴግን የመሠረተ፣ ያኔ የትግራይ ክልልን ያስተዳድር የነበረ ድርጅት ከማዕከሉ መለየቱ እንደ ተራ የፓርቲዎች ክርክር ከታየ ስህተት ይሆናል። በመቀሌና በአዲስ አበባ መካከል የነበረው ንግግር በየቴሌቪዥኑ በሚለቀቅ መግለጫ ብቻ መቀጠሉ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ መንግሥት ከአሥመራ ጋር በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ያሳየውን የድፍረት እርቅ ለቤቱም ሊያሳየው ይገባ ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው በ2012 ዓ.ም. ሊካሄድ ይገባ የነበረው ምርጫ ነው። ያኔ አዲስ የነበረው የምርጫ አዋጅ አገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ሊኖሩት ይገባል ማለቱን ትናንሽ ፓርቲዎች አምርረው ተቃውመውታል። ከመቶ በላይ ፓርቲ በነበረበት አገር አንድ ዓይነት ማጥለያ እንደሚያስፈልግ እስማማለሁ፤ ደንቡ ግን ወደ ምርጫው በተቃረበ ጊዜ መውጣቱ ጥርጣሬን ይወልዳል። ገዢው ፓርቲ የሚወዳደርበትን ሜዳ ራሱ አስተካክሎ የሚያሸንፍ ከሆነ፣ ያሸነፈው ወንበሩን እንጂ የሕዝብ እምነትን አይደለም። ጸጥታውም ያሳስበኝ ነበር። በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የተፈጸሙት ግድያዎች፣ በጥቅምት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. የጀመረውና መንግሥት ራሱ 86 ሰዎች እንደሞቱበት ያስታወቀው ሁከት፣ መራጭ ያለ ፍርሃት ወደ ምርጫ ጣቢያ ሊሄድ የሚችልበት ሁኔታ ያኔ ገና በሁሉም ቦታ እንዳልተፈጠረ ይናገራሉ። በዚያን ሰሞን ምርጫ ቢደረግ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርቲ ያሸንፍ ነበር ብዬ እገምታለሁ። የማልደፍረው ተሸናፊው ውጤቱን ይቀበል ነበር ብሎ መገመት ነው፤ ለዚያ የነበረን አንድ ዋስትና የምርጫ ቦርዱና የፍርድ ቤቱ ነፃነት ሲሆን፣ መንግሥት ከምርጫው በፊት በቀሩት ወራት ጉልበቱን ሁሉ እዚያ ላይ ቢያፈስ ይሻለው ነበር።

ለመሄድ ላሰበ ሰው፣ አዎን፣ ይሂድ። ከተቻለ ጠዋት ይግባ፤ ግቢው ሰፊ ስለሆነ ለአዛውንት የሚመች ጫማና ዕረፍት ያስፈልጋል። ልጆች ያሉት ሰው በክልሎች እልፍኝ ጊዜ ይስጥ፤ ዙፋን ቤቱንና ምድር ቤቱን ግን ሳይቸኩል፣ ከተቻለ ያን ዘመን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይመልከት። የሥራው ጥራት፣ የአስተናጋጆቹ አቀባበልና የታሪኩ ክብደት ገንዘቡን ይመልሳሉ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ የቀረውን አንዱን የያዝኩት በዚያን ጊዜው የትኬት ዋጋ ምክንያት ነው። ለመንግሥቱ ግን ያኔ ኮከብ አልሰጠሁም፤ የምርጫው ኮሮጆ ሳይከፈት የሚሰጥ ነጥብ ለእርሱም ለእኛም አይጠቅምም።

ስንወጣ እናቴ ታክሲ እንድጠራ አልፈለገችም። በአጥሩ ሥር፣ ድሮ በምትሮጥበት መንገድ፣ እስከ ሒልተን ድረስ በእግሯ ወረደች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ ወደ ላይ ቀና ብላ አጥሩን አየችው፤ ጥግ ላይ ያለው ዘበኛም አየን፣ ምንም አላለንም።